የታጠፈው ኬብል

ባዚልና የሚስቱ ወንድም ዌስሊ ከጄኔሬተሩ ቤት ሲወጡ ዝናቡ መሬቱን ይደበድባል። ወደ ዳርዊን ከተማ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። ክሊኒኩ ውስጥ የባዚል እናት ዶሪን ከኩላሊት ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ተኝታ መብራት ትጠብቃለች። መብራቱ እስከ ማታ ካልመጣ አውሮፕላን መጥቶ ወደ ከተማ ይወስዳታል። በዚህ በሽታ ከተማ ከሄዱት ውስጥ በእግሩ የተመለሰ ማን አለ? «ልጄ ከተቀበረበት አታርቁኝ» ብላ ለምናቸዋለች።

ከመውጣታቸው በፊት ባዚል ብልሽት የሚፈልገውን ሣጥን መሳይ መሣሪያ ወደ ክሊኒኩ ከሚሄደው የተቀበረ ኬብል ጫፍ ጋር አገናኝቶ ነበር። የላከው ምልክት ከተበላሸው ቦታ ነጥሮ ተመለሰ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር። ቀጥ ብለው እየለኩ ሄዱ፤ መንገዳቸው ላይ ያለውን፣ ወንድ የማይገባበትን የሴቶች ቦታ ግን ስፋቱን በዓይን ገምተው በዳሩ አለፉ። ልኩ ከወንዙ ማዶ ወደቀ።

በገመድ ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ። መሃል ሲደርሱ አዞ ብቅ አለ። ዌስሊ ውሃውን በአካፋ እየደበደበ ጮኸ፤ ባዚል መሣሪያውን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ ተንደረደረ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ማዶ ወጥተው ቆፈሩ። ኬብሉ ደህና ነው።

«ሣጥንህ ዋሸ» አለ ዌስሊ እያለከለከ። «ለአዞ ቁርስ ሊያደርገን ነበር።»

«ሣጥኑ የሚለካው ኬብሉን ነው። እኛ የለካነው መሬቱን ነው» አለ ባዚል።

ኬብሉን የቀበረው ሟቹ የባዚል ታላቅ ወንድም ነው። በእኛ በአገሬው ሰዎች ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፤ ሥራውም አይነሣም። ሁለቱም እሱን ላለማንሳት ሲሉ ነው ኬብሉን በየት እንዳሳለፈው ሳይነጋገሩ ቀጥታውን የያዙት።

«ያ ሰውዬ» አለ ባዚል በመጨረሻ፣ «የሴቶቹን የተከለከለ ቦታ መሃል ለመሃል ቆፍሮ የሚያልፍ ይመስልሃል?»

ዌስሊ አካፋውን አነሣ። «ዞሮታል! ብልሽቱ ከወንዙ ወዲያ ሳይሆን ወዲህ ነው። አይ የኛ ነገር፣ በከንቱ ነው የተሻገርነው።»

ያንኑ ወንዝ መልሰው ተሻገሩ። ዌስሊ አንድ ጫማውን ለአዞው ትቶ ወጣ። የተከለከለውን ቦታ ዳር ዳሩን ዞረው እንደገና ለኩ፣ ቆፈሩ። ኬብሉ የተቀጠለበት ቦታ ላይ ውሃ ገብቶበታል። መቀጠያው በተጠቀለለበት ጥቁር ሙጫ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ጠልቆ ይታያል። ባዚል አወቀው፤ የወንድሙ ነው። እጁ መጋዙን ሊያነሣ እምቢ አለው።

«ቁረጠው በቃ» አለ ዌስሊ ቀስ ብሎ። «እማማ እየጠበቁ ነው።»

ባዚል እያለቀሰ ቆረጠው። ከዚያ አዲስ መቀጠያ አስገቡ፤ መብራት መጣ።

አውሮፕላኑ ባዶውን ተመለሰ። ዶሪን ከማሽኑ ጋር ተያይዛ «የት ነበር የተበላሸው?» አለችው። ባዚል ከኪሱ ቁራጩን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ዳሰሰችው። አሻራውን ስታገኝ አውራ ጣቷን አስገባችበት።

«አጥብቆ ነበር የጠቀለለው» አለች። ስሙን አልጠራችም። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ግን ጣቷን ከዚያ አላወጣችም።