ሆሳዕና ያልበላችው ጎመን

ሆሳዕና የሞተችው ሚዛን ተፈሪ፣ ወንድሟ ቤት ነው። ሲነጋ የወንድሟ ሚስት ካሰች በሩን ከፍታ አገኘቻት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ትራሷ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ትውከት ነበር።

ያ ጥቁር ነገር ካሰችን አሳሰራት። ማታ ለሟቿ ቡና የሰጠቻት እሷ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ «መርዛ ገደለቻት» አለ። ባሏ እንድርያስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እናቱ ወይዘሮ ሰርካዲስ ከቴፒ መጥተው የካሰችን ጨቅላ ከእቅፏ ነጠቁ።

«የገዳይ ጡት አይጠባም» አሉ።

ኢንስፔክተር ለተብርሃን ጣቢያ ስትገባ ካሰች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል።

«ልጄን አምጪልኝ። ከዚያ የፈለግሽው ላይ እፈርማለሁ።»

«አትፈርሚም። ቡናው ውስጥ ምን ነበር?»

«ቡና ነዋ! ከዚያው ጀበና እኔም እንድርያስም ጠጥተናል። እሷ ጥርሷን ተነቅላ ስለመጣች አቀዝቅዤ ሰጠኋት።»

«ተጣልተው ነበር ይላሉ።»

«በጎመን ነው። ከመጣች ጀምሮ የሠራሁትን ጎመን አትነካም። ‹እጄን ተጸየፍሽው?› አልኳት። ‹ሐኪም ከልክሎኝ ነው› አለች። ጎመን የሚከለክል ሐኪም አለ? ዋሸችኝ ብዬ ተቀየምኩ።»

ለተብርሃን ቀና አለች።

«አማትሽ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«አስከሬኑን ሳያዩ ቦርሳዋን ጠየቁ። ከውስጡ የቅባት ዕቃ አውጥተው ጉያቸው ከተቱ። የልጃቸው ሽታ ናፍቋቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።»

የጥርስ ሐኪሙ ሲላስ ክሊኒኩን ዘግቶ ተቀምጧል። ከመስኮቱ አንዱ መስታወት በድንጋይ ተሰብሯል።

«ሦስት መንጋጋ ነቀልኩላት። ከመንቀሌ በፊት ጠይቄያለሁ። የልብ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት ሕመም አለብሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ‹የለም› አለች።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«እጮኛዋ ማቴዎስ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።»

«ደሙስ?»

«ትንሽ አስቸገረኝ፤ በኋላ ቆመ። የቁስል ጨርቅ አስነከስኳትና አትትፊ፣ አትጉመጥመጪ፣ እንደገና ከደማሽ ወዲያው ተመለሺ አልኳት። ታዛዥ ነበረች።»

«መታዘዙንስ ታዝዛለች» አለች ለተብርሃን።

ማቴዎስን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አገኘችው። ቴፒ አስተማሪ ነው። ከሞተች ወዲህ ሸሚዙን አልቀየረም።

«እኔ ነኝ ያመጣኋት። ሠርጋችን ደርሷል። በሕመሙ እንቅልፍ አጥታ ነበር።»

«ከክሊኒኩ እንዴት ተመለሳችሁ?»

«በባጃጅ። ሹፌሩን ቀስ በል እያልኩ ጨቀጨቅሁት። ‹እንቁላል ጭነሃል እንዴ?› ብሎ ቀለደብኝ። ሰውነቷ ትንሽ ሲነካ ይበልዛል። እኔ እጇን እንኳ ጠበቅ አድርጌ አልይዝም።»

ለተብርሃን ትኩር ብላ አየችው። ወደ ሆስፒታሉ ውስጥ ገባች።

ዶክተር ጀይላን የትራሱን ጨርቅ ላቦራቶሪ አስመርምሮ ጠበቃት።

«ቡና አይደለም። ደም ነው። ሆድ ውስጥ የቆየ ደም እንዲህ ይጠቁራል።»

«ጎመን የሚያስከለክል በሽታ አለ?»

«በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ለአንዳንድ የልብ ሕመምተኞች ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ክኒን አለ። ጎመን ሲበዛ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ያን የሚወስድ ሰው ደሙ ሳይመረመር ጥርስ ቢነቀል ደሙ በቀላሉ አይቆምም። አልተናገረችም?»

«ተጠይቃ ነበር።»

በማግስቱ ለተብርሃን ሁሉንም እንድርያስ ቤት ሰበሰበቻቸው። ለቀስተኞቹ ውጭ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ካሰች ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ አጠገብ ቆመች። ወይዘሮ ሰርካዲስ ሕፃኑን ታቅፈዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ካሰች ማንንም አልገደለችም» አለች ለተብርሃን። «ከአንድ ጀበና ሦስት ሰው ጠጥቷል። ትራሱ ላይ ያያችሁትም ደም ነው።»

«ቀይ ነገር እኮ አላየንም» አለ እንድርያስ።

«ስላልተፋች ነው። አትትፊ ተባለች፤ አልተፋችም። ሌሊቱን ሙሉ ዋጠችው። ተመለሺም ተብላ ነበር። ግን ለመመለስ ሰው መቀስቀስ አለባት። እንግዳ ናት፤ የቤቱ እመቤት ተቀይማታለች። ዝም አለች።»

ካሰች አፏን በእጇ ያዘች።

«ደሙ እንደገና ለምን ፈሰሰ?» አለ ሲላስ።

«እሱን እማማ ሰርካዲስ ይንገሩን። የቅባት ዕቃዋን ይስጡኝ።»

አሮጊቷ ከጉያቸው አወጡት። ለተብርሃን ክዳኑን ከፈተች። ታጥቦ የደረቀ ነው። ክኒን ሞልቶታል።

«ሆሳዕና የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ጎመኑን የከለከላት ይህ ክኒን ነው፤ ደሟ እንዳይረጋ ያደረገውም እሱ ነው። ሲላስ ስለ መድኃኒት ሲጠይቃት እጮኛዋ አጠገቧ ነበር። ክኒኑን የምትደብቀው ደግሞ ከእሱ ነው።»

«እኔ ነኝ ያስማልኳት» አሉ ወይዘሮ ሰርካዲስ። «ልቧ የታመመ ሴት ማን ያገባል? ከሠርጉ በኋላ ትነግረዋለች አልኩ።»

«ቦርሳውን ሲጠይቁ ምን እንደገደላት ገብቶዎታል።»

«ገብቶኛል።»

«ካሰችን ግን አሳሰሩ።»

«እኔ ካልገደልኳት ሌላ ሰው መግደል ነበረበት!»

እንድርያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ለተብርሃን ወደ ማቴዎስ ዞረች። «አንተስ? ሰውነቷ ቶሎ እንደሚበልዝ ታውቃለህ። ለምን እንደሆነስ?»



«አውቅ ነበር። ጅማ ሆስፒታል፣ የልብ ክፍሉ በር ላይ ተሰልፋ አይቻታለሁ። እንዳላፍርባት የፈራች መሰለኝ። ራሷ እስክትነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ተደበቅኩላት።»

«ሲላስ ሲጠይቃትስ?»

«እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።»

ሲላስ «ጥቂት ውጣ ብልህ ኖሮ…» አለ።

ለተብርሃን ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች። ፖሊሱ ከካሰች ራቅ አለ። ካሰች ሄዳ ሕፃኑን ከአማቷ እቅፍ አነሣች። አሮጊቷ አልታገሏትም፤ ክንዳቸው ግን እንደታቀፈ ቀረ። ልጁ ጡቱን ሲያገኝ ለቅሶው ቆመ።

እንድርያስ ተነሣ። «ካሱ…»

«አትከተለኝ» አለችው።

ልጇን እያጠባች ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ገዳይ ሲሏት የነበሩት ሰዎች እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት።