የጡብ ፋብሪካው ጓጉንቸር

ከወገቡ በላይ የጭቃ ማቡኪያ ማሽኑ ውስጥ ነበር፤ እግሮቹ ውጭ ተንጠልጥለዋል። የጡብ ጭቃው በደም ርሷል፤ ስለቶቹ ላይ ሥጋ ተጠምጥሟል። ሟቹ ለአንድ ወቅት ሥራ ከሰው አገር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ረጅሙ ይሉታል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሆዱ ቀድሞት የሚገባው የፋብሪካው ባለቤት የሟቹን ያገር ልጅ አንቆ ጠበቃት።

«ይኸው ገዳዩ! ትናንት ሲደባደቡ ሰው ሁሉ አይቷል። ውሰጂና ስቀይልኝ!»

«መጀመሪያ ይልቀቁት ጌታዬ። ሬሳ አንድ ይበቃናል።»

ማሽኑን ሊጠርግ የሚገባ ሰው ማብሪያውን አጥፍቶ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል። ያ ካልተከፈተ ማሽኑን የሚያስነሣ የለም። የረጅሙ ጓጉንቸር ግን መሬት ወድቋል፤ ተከፍቷል፤ ጭረት የለበትም። ቀዳዳው ጭቃ ጎርሷል።

«ሳይቆልፍ ገብቶ ነው» አለ ፎርማኑ።

«ቆልፏል! አይቻለሁ» አለ ልጁ ከአፉ ደሙን እየጠረገ። «ቁልፉን ካንገቱ አያወልቅም፣ እህቴ።»

«ታዲያ ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«ዝም በል አልኩት፤ እምቢ አለ።» ባለቤቱን አየና ወደኋላ አፈገፈገ።

መርማሪዋ እጇን እስከ ክርኗ ሥጋና ጭቃው ውስጥ ሰዳ ቁልፍ የታሰረበት ክር ጎተተች። ቁልፉ ከሟቹ አንገት አልወረደም።

«ጌታዬ፣ ዛሬ እዚህ ወርደው ነበር?»

«እኔ? ለጭቃ ሰው ቀጥሬ? ከቢሮዬ አልወጣሁም።»

«የእነዚህ ልጆች ፓስፖርትስ የት ነው?»

ሰውዬው ደረቱን ነፋ። «ካዝናዬ ውስጥ! ቢጠፉብኝስ? ፓስፖርታቸው፣ የክፍላቸው ቁልፍ፣ የጓጉንቸራቸው ሁለተኛ ቁልፍ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። ካዝናውን ከእኔ በቀር የሚከፍት የለም። ሰው መቅጠር እንዲህ ነው!»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። የሰው ፓስፖርት መቆለፍ ወንጀል መሆኑን እንኳ የማያውቅ ቀጣሪ!

ካዝናውን አስከፍታ ያለውን ሁሉ ይዛ፣ ሰዎቹን ማሽኑ ፊት ሰበሰበች።

«ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። የሟቹ ቁልፍ አብሮት ማሽን ውስጥ ነበር። ይህ የጓደኛው ነው።» ሞከረችው፤ አልዞረም። «የፎርማኑም ያው። የቀረው የካዝናው ነው። እዩት፤ ጥርሱ ላይ ያለው ጭቃ ገና እርጥብ ነው።» ከተተችው፤ ጠቅ አለ። «ከቢሮው ያልወጣ ሰው ጭቃ ከየት አመጣ?»

ፎርማኑ አንገቱን ደፋ። «የሥራ ፈቃዳቸው ለዚህ ፋብሪካ ብቻ ነው። ይህ ሰውዬ ግን ለወንድሙ የድንጋይ ማውጫ ካባ ሲያውሳቸው ከረመ። ረጅሙ ጠዋት ‹ፓስፖርቴን ስጠኝ፣ እከስሃለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ።»

ባለቤቱ አካፋ አንሥቶ የልጁን ራስ ሊፈልጥ ሲሰነዝር መርማሪዋ ጉልበቱን በጫማዋ መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ።

«የኔ ናቸው! እኔ ነኝ ያመጣኋቸው!» እያለ ጭቃው ላይ ተንፈራፈረ።

«የቀጠርከው ጉልበታቸውን ነው፣ አንተ! ነፍሳቸውን ማን ሸጠልህ?»

ካቴና አጠለቀችበትና ለልጁ ፓስፖርቱን ሰጠችው። «በል ወንድሜ፣ ነፃ ነህ። ሂድ።»

«እሱን ትቼ?»

ፓስፖርቱን ኪሱ ከተተና ተንበርክኮ ያገሩን ልጅ ከጭቃው ውስጥ በእጁ ይለቅም ጀመር።