ለሚኪ ጉዞ የደወልኩት ስልክ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ሥራ አለብኝ ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ፈጽሞ አላምንም ነበር፣ ደግሞም ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ዓይናፋር ስለሆንኩ እንኳን ፈጥሬ ላወራ የሆነውንም አላወራም። ይቺን ግን ስሙኝ።

ወንድሜ ሚኪ ትራክ ይነዳል፣ አብሮት የሚነዳው ልጅ የኪርጊስታን ሰው ነው፣ ሠርጉን አገሩ ተራራ ላይ ሊደግስ ነውና ሚኪን ሚዜዬ ሁን አለው። እኔና ሚኪ እዚህ አገር ከሁለታችን በቀር ማንም የለንም። ሶ ፈራሁ፣ አትሂድ ማለት ግን አቃተኝ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ የምሠራበት ሱቅ ባለቤት እትዬ አስቴር፣ የእህታቸው ልጅ ሰላም እዛው ኪርጊስታን ሕክምና እንደምትማር ነግረውኝ ቁጥሯን ሰጡኝ፣ ጥያቄዬን ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሆኜ ገና በሩን ሳልከፍት ደወልኩላት።

ሰላም ደግ ልጅ ናት። ዶላሩ አዲስና ያልታጠፈ ይሁን፣ ያረጀ አይመነዝሩለትም አለችኝ፣ በጋ ነው ብሎ ወፍራም ጃኬት እንዳይተው፣ ተራራው ላይ በአንድ ቀን ከመውጣት መሃል ላይ አንድ ሌሊት ይደር፣ ራሱን ካመመው ቶሎ ይውረድ፣ የጋራ ታክሲው እስኪሞላ አይነሳም፣ ማዕድ ላይ ዳቦ ገልብጦ አያስቀምጥ፣ ነውር ነው። እኔም እጽፋለሁ።

በመሃል የሱቃችን በር ላይ የተንጠለጠለችው ቃጭል በስልኩ ውስጥ ስትጮህ ሰማኋት። ዞር ብዬ አየሁ፣ በሩ ዝግ ነው። እሷ ጋ ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ፣ እመኑኝ ሃያ አልቆጠርኩም፣ እትዬ አስቴር በቁልፋቸው ከፍተው ገቡ፣ ቃጭሏ ያንኑ ጮኸች። ቀጥሎ በስልኩ ጠርሙስ ሲሰበር ሰማሁና ምን ሰበርሽ አልኳት።

«ኧረ ምንም፣ እዚህ መሽቷል፣ አልጋዬ ላይ ነኝ» አለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ አስቴር ከመደርደሪያ ሲያወርዱት የነበረው የማር ጠርሙስ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። ሰላም ስለ ኔትወርክ እየነገረችኝ ነበር፣ ተራራው ላይ ለሦስት ቀን ያህል ስልክ ላይሠራ ይችላል፣ እንዳትጨነቂ አለችኝ፣ ከድምፅዋ ኋላ ግን የብዙ ሰው ጫማ ደረጃ ሲወጣ ይሰማኛል፣ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በር በቀስታ ይንኳኳል። ከዛ አንድ ሰው ስሜን ጠራ፣ አይዞሽ፣ እስቲ ቁጭ በይ አለ። የኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ ታውቃላችሁ፣ በስልክ አይነገርም፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተሰባስቦ ቤት ድረስ ይመጣል። ከዛ አንዲት ሴት ጮኸች። ድምፁ የኔ ነበር።

ሰላምን ጠየቅኳት፣ ምንም አልሰማሁም አለች።

ያን ቀን ሙሉ ጠበቅኩ፣ ማንም አልመጣም፣ በማግሥቱም እንደዛው። ለሚኪ ስነግረው ሳቀብኝ፣ አንቺ እኮ ደንበኛ ሰላም ሲልሽም ትደነግጫለሽ አለኝ፣ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ከተማው ሲደርስ ደወለ፣ ነገ ወደ ላይ እንወጣለን አለ። ከዛ ወዲህ አልደወለም፣ ይኸው አምስት ቀን ሆነው።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ታደሰን ጠብቄ ያዝኳቸው፣ መርዶ ሲኖር ሁሌ ሰው የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው፣ ቀና ብዬ እንኳን አይቻቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምናልባት አንድ ነገር ቢኖር ቤቴ እንዳትመጡ» አልኳቸው።

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። «እሺ ልጄ፣ እንግዲያው እንደውልልሻለን» አሉ።

ዛሬ ጠዋት የማላውቀው ረጅም ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠራ። ሚኪ በሰው ስልክ እየሞከረ ይሆናል፣ እሱ ነው እላለሁ፣ ግን አላነሳሁትም።