ምንም አትጨምሩ

ኮቱን አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ለመቼ ይደርሳል?»

«ለነገ» አለች የላውንደሪዋ ሴትዮ፣ ቀና ሳትል።

ከኋላዋ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ሱሪ ታቅፎ ተራ ይጠብቃል። ላየው ሰው ሚስቱ የላከችው ጡረተኛ ነው። ጡረተኛ ግን አይደለም። ስልኳ ላይ «አጎቴ» ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ እውነተኛ ስሙን ነግሯት አያውቅም። ሥራ የሚሰጣትም፣ ሪፖርት የሚቀበላትም እሱ ነው። እሱ ደግሞ «ምስጥ» ይላታል፣ ውስጥ ገብታ የምትበላ ለማለት። ስሙን ጠልታዋለች። ግን ማን ጠይቋት?

የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ሪፖርቷን የያዘች፣ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ አለች። እሷ ከወጣች በኋላ አጎቴ «የእህቴ ልጅ ኪሷ ውስጥ ዕቃ ረስታለች» ብሎ ይወስዳታል። እስካሁን አንዴም አልተበላሸባቸውም።

በሩ ጋ ስትደርስ ጎኗ ቆመ። አላያትም፤ መንገዱን ነው የሚያየው።

«ምን ሊጨምሩ ነው?»

«ሪፖርቱ ላይ ያገኙታል።»

«በአፍሽ ንገሪኝ።»

«በድምፅ መጠየቅ። ማንበብ ለማይችል ሰው።»

«መቼ?»

«አፑ ገበያ ሲወጣ አብሮ ይወጣል።»

«ጎበዝ። ስልኬን ጠብቂ።»

መንገዱን ተሻገረች። እርምጃዋን አላፈጠነችም።

የድምፁ ነገር ውሸት ነው።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ይመስል ነበር። አንዲት ባለሀብት ገና ዳዴ በሚል ድርጅት ላይ ገንዘባቸውን አፍስሰዋል። ድርጅቱ የሚሠራው አንድ የስልክ አፕ ነው፤ የመድኃኒቱን ስም ስትጽፍበት የትኛው ፋርማሲ እንዳለው ይነግርሃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገር ግን ልጆቹ ያሰቡት ሁሉ ገና ሳይሠራ በትልቁ ተፎካካሪ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። ከውስጥ የሚያፈስ ሰው አለ ተባለ። ባለሀብቷ የደህንነት አማካሪያቸውን ጠሩ። አማካሪው አጎቴ ነው። አጎቴ ምስጥን ላከ። አፍሳሹ ካልተገኘ ባለሀብቷ ይወጣሉ፣ እሳቸው ከወጡ ድርጅቱ ይዘጋል።

ፕሮዳክት ማናጀር ሆና ገባች። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የምትወስነው እሷ ናት ማለት ነው። ስለ ሙያው የምታውቀው ከኢንተርኔት የለቃቀመችውን ብቻ ነበር። ግን ጉድ ነው፣ የራሷው ሥራ ሆኖ አገኘችው። ሰው አጠገብ ሄዶ መቀመጥ። አንድ ጥያቄ ጠይቆ አፍን መዝጋት። የሚለውን ትቶ እጁ የሚያደርገውን ማየት። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ነው፤ ልዩነቱ፣ በዚህኛው መጨረሻ ላይ የሚጎዳ ሰው የለም።

ቢሮው ከጎማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሲሞቅ ወረቀቱ ሳይቀር ጎማ ጎማ ይሸታል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዝምታው ነው፤ ሰላምታ እንኳ በአገጩ ነው የሚመልሰው። ሽያጭ ላይ ጮሌው አለ፣ የተበላሸ መኪና በምላሱ የሚያስነሳ። መሥራቹ ቀጮ ነው። ቀጮ እናቱ ታማ ማዘዣ ይዞ ከተማውን ሲዞር ዋለ፤ መድኃኒቱን ያገኘው መጨረሻ ላይ፣ ከተነሳበት ሆስፒታል አጥር ሥር ነው። ሲመለስ እናቱ በሕይወት አልጠበቀችውም። ይህን ሲነግራት ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወደ መስኮቱ የዞረችው እሷ ናት።

«እህቴ፣ ካርታ እንጨምር?» ይላል ቀጮ።

«አትጨምሩ።»

«የቅናሽ ኩፖንስ?» ይላል ጮሌው። «ሰው ይወዳል እኮ።»

«ሰውየው ማዘዣ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። የሚፈልገው የት እንዳለ ብቻ ነው። ምንም አትጨምሩ።»

«ስትሞት መቃብሯ ላይ ይህንኑ እንጽፍላታለን» አለ ጮሌው፣ «ሌላ ምንም ሳንጨምር።»

ዝምታው ሳይቀር ሳቀ። እሷም ሳቀች። ችግሩ እሱ ነው፤ ከልቧ ነበር የሳቀችው።

ወጥመዱን በዚያው ሰሞን ዘረጋች። ዝምታውን ለብቻው ጠርታ ዋጋ የሚያወዳድር ነገር እንዳሰበች ነገረችው፣ በምስጢር። ለጮሌው ደግሞ መድኃኒት በሞተር እስከ ቤት ስለ ማድረስ። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ተፎካካሪው ጋ የሚወጣው ውሸት ማን እንዳፈሰሰ ይናገራል። ለቀጮ ምንም አላጠመደችም። በሥራዋ ይህ ጥፋት እንደሆነ ታውቃለች፣ ግን እጇ እምቢ አላት።

ሦስተኛውን ውሸት፣ የድምፁን፣ ለአጎቴ ሰጠችው። ለምን ብትባል፣ አፍሳሽ የሚያድን ሰው «ማነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አጎቴ ግን ሁልጊዜ የሚጠይቃት «ምንድነው?» ብሎ ነው።

ለአጎቴ በነገረችው ማግስት ጠዋት ዝምታው ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«እዪው» አለ።

የተፎካካሪው ማስታወቂያ ነበር። «በድምፅዎ ይጠይቁን። በቅርብ ቀን።»

ደግማ አነበበችው።

ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ የባሰው ገባት። ቢሮው ውስጥ አፍሳሽ ኖሮም አያውቅም። የመጀመሪያውን ምስጢር አጎቴ ከባለሀብቷ ፋይል ላይ አንብቦ ሸጠው። አፍሳሽ ልፈልግ ብሎ ሲያስገባት ደግሞ የቀረውን እሷው በየሳምንቱ ኪሷ ውስጥ ከታ አደረሰችለት።

አፍሳሿ እሷ ነበረች።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። አጎቴ ነው። «ኮትሽ ደርሷል። ለብሰሽው ቢሮ ግቢ። ባለሀብቷ እየመጡ ነው።»

የላውንደሪዋ ሴትዮ ኮቱን በላስቲክ ሸፍና ሰጠቻት። ከበዳት።

ኮት ታጥቦ አይከብድም።

ጎረቤት ያለው ሕንፃ ደረጃ ሥር ገብታ ኪሱን ዳበሰች። ስልክ። የእሷ አይደለም። ስትነካው የይለፍ ቃል እንኳ አልጠየቃትም። የጻፈቻቸው ሪፖርቶች፣ ቃል በቃል፣ ወደ ተፎካካሪው የተላኩ መልእክቶች ሆነው ተደርድረዋል። ባለሀብቷ ቢሮ ገብተው «ኪሷን ፈትሹ» ቢሉ እጅ ከፍንጅ ነው።

ከደረጃው ሥር ስትወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ስልኩን አነጣጥሮ ፎቶ አነሳት። የአጎቴ ሰው መሆኑ ገባት።

ስልኩን የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ወርውራ እግሬ አውጪኝ ማለት ትችላለች። ልማዷም ያ ነው። ግን እሷ ብትጠፋ አጎቴ ሌላ ምስጥ ይልካል። ቀጮ ማን እንደበላው ሳያውቅ በሩን ይዘጋል።

ኮቱን ለበሰችና ወደ ቢሮ አቀናች።

ባለሀብቷ ቀድመው ደርሰዋል። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሦስቱ ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«ይቺ ናት?» አሉ ባለሀብቷ።

«እኔ ነኝ» አለች። «አማካሪዎ የላከኝ ሰላይ ነኝ። አንድ ስልክ እስክደውል ይታገሱኝ። ማንም እንዳይናገር።»

ቀጮ ቀና አለ። አላየችውም። ካየችው እንደማትችል ታውቃለች።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው። ጠራ። ጠራ።

«አቤት፣ ምስጥ።»

«ኮቱን ወስጃለሁ። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ የማን ነው?»

ሳቀ። «አንቺ ጋ ከተገኘ ያንቺ ነዋ።»

«የድምፁን ነገር ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

«አውቃለሁ። ገዢዎቹ ወደውታል። ከከተማው ጥፊ፣ የሚፈልግሽ የለም።»

«ባለሀብቷስ?»

«አፍሳሽ አምጣ አሉ፣ አመጣሁላቸው። ሴትዮዋ ስም ካገኙ ይበቃቸዋል።»

«ውሸት ነው የሸጥክላቸው» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «በድምፅ የሚባል ነገር የለም። አንተን ለመያዝ የፈጠርኩት ነው።»

ባለሀብቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ዋልክ?» አሉት፣ ቀስ ብለው።

መስመሩ ተቋረጠ።

ባለሀብቷ ከኮቱ ኪስ አውጥታ የሰጠቻቸውን ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ተነሱ። «እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ፣ እኔ የትም አልሄድም» አሉ። «እሱን ሰውዬ ለሕግ ተዉልኝ።» የጫማቸው ድምፅ ደረጃው ላይ ጠፋ።

«ሁሉም ውሸት ነበር?» አለ ቀጮ።

«ሁሉም አይደለም።»

«ስለ እናቴ የነገርኩሽስ? እሱንም ጽፈሻል?»

ጽፋለች። ገና እንደገባች፣ «የመሥራቹ ደካማ ጎን» በሚል ርዕስ ሥር። መዋሸት ትችል ነበር፤ ከሷ የተሻለ የሚዋሽ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

«አዎ» አለች።

ፊቱን አዞረ። «ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዝምታው በሩን ከፈተላት። ደረጃው ላይ አለቀሰች። ሰላይ አያለቅስም የሚሉ አሉ። ምን ይደረግ፣ አለቀሰች።

ሌላ ከተማ። ሌላ ስም። አሁን አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች፤ ማንም ሁለቴ አያያትም። ሳል ይዟት ሰንብቷል። የታዘዘላትን ሽሮፕ ሁለት ፋርማሲ ጠይቃ አጣች። ሌላ ከመሞከሯ በፊት ስልኳን አወጣች። አፑን በአዲሱ ቁጥሯ ከፈተችው። የመድኃኒት ስም መጻፊያ አንድ ቦታ፣ አንድ መፈለጊያ። ካርታ የለ፣ ኩፖን የለ። ጻፈች፣ ነገራት፣ ሄዳ አገኘች።

ከፋርማሲው ስትወጣ ስልኳ ጠራ።

«ጤና ይስጥልኝ። ቅድም በእኛ አፕ መድኃኒት ፈልገው ነበር። ካላስቸገርኩዎ ሦስት ጥያቄ ልጠይቅዎ?»

ቀጮ ነው። ተጠቃሚ ጋ ራስህ ደውል ብላ ያስተማረችው እሷ ናት። ጥያቄዎቹም የሷ ናቸው።

መዝጋት ነበረባት።

«እሺ» አለች። ሳሉ ድምፅዋን አሻክሮታል።

«አገኙት?»

«አገኘሁ።»

«ያስቸገረዎት ነገር ነበር?»

«የለም።»

«የመጨረሻው ነው። ምን ብንጨምር ይወዳሉ?»

«አላውቅም» ብትል ያልቅ ነበር። ሳለች።

«ምንም አትጨምሩ።»

ከጀርባው ጮሌው ስለ ኩፖን ሲከራከር ይሰማታል።

«እሺ» አለ ቀጮ በመጨረሻ። «አንጨምርም፣ እህቴ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳልሽን ታከሚ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሲም ካርዱን አውጥታ ሰበረችው፣ ሽሮፑን ኪሷ ከተተችና ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች።