ቀይዋ በግና የኪዳኑ ተዝካር

በዋግ፣ ደሃና ላይ፣ የእማማ ደብሬ ግቢ ስንት በግ የተርመሰመሰበት ግቢ ነበር! ዝናቡ ዓመት በዓመት ሲከዳ በረቱ ተራቆተ፤ ምራታቸውም ገና በለጋነቷ አፈር ገባች። የቀረችው ጸጉሯ እንደ ፍየል የተኛ አንዲት ቀይ በግ ነበረች። ከሩቅ የመጣው ባለ ሱፍ በግ ሁሉ ሲረግፍ፣ እሷ የግራር ፍሬ ለቅማ፣ ወንዝ ወርዳ ጠጥታ በእግሯ ትመለሳለች። «የዋግ ልጅ ናት፤ አትወድቅም» ይሉ ነበር እማማ ደብሬ፣ ዓይን እንዳይበላት በሹክሹክታ።

የወደቀውስ ሰው ነበር... አንድ ልጃቸው ኪዳኑ ደረቱን ታሞ ከሰቆጣ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። ሐኪሙ «ጠንከር ያለ ምግብ ይብላ» ብሏል። ከየት ይምጣ? እናት ሲያስል ይነሣሉ፣ ዝም ሲልም ይነሣሉ። በመጨረሻ፣ ሴት አታርድምና፣ ጎረቤታቸውን ይሄይስን ቢላዋ አስይዘው ጠሩት።

ኪዳኑ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሰማ።

«አያ ይሄይስ፣ ማን ሊታረድ ነው?»

«ካልበላህ አንተው ነህ» አለ ይሄይስ፣ ሊያስቀው ፈልጎ።

«እስቲ መጀመሪያ ሆዷን ዳብሳት።»

ይሄይስ ዳበሳት። ከውስጥ ግልገል ሲራገጥ እጁን ቶሎ አነሣ።

«ያረገዘች አትታረድም፣ እማዬ።»

«ነውሩ በእኔ ይሁን። አንተ ብቻ ብላ።»

«እኔ በልቼ የምሰነብተው ጥቂት ነው። እየሩስ ልጄስ... ምን ይዛ ትቀራለች?»

ቢላዋው ወደ አፎቱ ተመለሰ። ኪዳኑ እንቁጣጣሽን ሳያይ አረፈ።

በአርባው ለተዝካሩ ዳስ ተጥሎ የቀረበው ንፍሮና ጠላ ብቻ ነበር። ስሙ ደግሰው ቢሆንም ደግሶ የማያውቀው ጎረቤት «በግ ጓሮ አስራ ልጇን በንፍሮ ሸኘችው» ብሎ አንሾካሾከ። ትንሿ እየሩስ ሰምታ አንገቷን ደፋች። አባቷን ቀብራ ይህንንም ትሸከም? ይህንን የትኛዋ አያት ትችለዋለች?

እማማ ደብሬ ጓሮ ገብተው በጓን እየሳቡ ወጡ። መንታ ግልገሎች እየፈነጠዙ ተከተሏት።

«ሥጋ የቀረባችሁ ልጄ አልበላም ስላለ ነው» አሉ። «ተዝካሩን ማየት የፈለገ ይኸው፤ በእግሩ ቆሟል።»

ይሄይስ ቀድሞ ተነሣ። ከዚያ ዳሱ በሙሉ ተነሣ፤ ደግሰውም ሳይቀር። እየሩስ ቀና ብላ በአያቷ ጎን ቆመች። የእማማ ደብሬ እንባ የወረደው እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

ሞት ከሰው ቤት ያሻውን ይዞ ይሄዳል። ሟች ግን የራሱን ጉርሻ ለልጁ ትቶ ከሄደ፣ ሞት ሁሉን ወሰደ ይባላልን?