ከጋራዡ ጀርባ የተዘረጋው መረብ

ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ እግሮቿ የራሷ አይመስሏትም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ራስ ስታሳምር ትውላለች፤ ወደ ቤቷ የምትገባው እየተጎተተች ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናብ ሲያጣድፋት የስፖርት ክለቡ አዳራሽ በረንዳ ላይ ተጠለለች። ከውስጥ አንድ ኳስ በተከፈተው በር ወጥቶ እየተንከባለለ እግሯ ሥር ቆመ። አነሳችና ሳታስበው በመዳፏ መትታ መለሰችው። ኳሱ የተጫዋቾቹን ሁሉ ራስ አልፎ፣ መረቡንም ተሻግሮ ወደቀ።

አንድ ረጅም ሰው ወደ በሩ መጣ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሥራ በኋላ ያለ ክፍያ መረብ ኳስ ያሠለጥናል።

«የት ነው የተጫወትሽው?»

«ትምህርት ቤት። ድሮ ነው፤ ረስቼዋለሁ።»

«ክንድሽ አልረሳም። ለምን አትመዘገቢም?»

«መዋጮውን በሩ ላይ ለጥፋችሁት የለ? የእኔ ቢጤ አይችለውም።»

ዞሮ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ።

«ለሙከራ ነፃ ነው» አላት።

ሙከራው ተራዘመ። ከልምምድ በኋላ እስከ ሰፈሯ ይሸኛታል። መንገድ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሲደርሱ እሷ ትቀመጣለች፣ እሱ ይቆማል፤ እሷ መቆም ሰልችቷታል፣ እሱ መቀመጥ። ብዙ አያወሩም። ለማውራትም ጉልበት ያስፈልጋል። አንዳንዴ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፤ ቀድሞ ዓይኑን የሚሰብር ግን የለም።

አንድ ምሽት ጫማዋን ስታስር የክለቡ ሰብሳቢ አጠገቧ ቆሙ። ሹፌሩን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው።

«የእኛ ልጅ ያንቺን መዋጮ ከደመወዙ እስከ መቼ ነው የሚከፍለው?» አሉ፣ እንደ ዋዛ።

ጆሮዋ ጋለ። ጫማዋን አስራ ሳትጨርስ ወጣች። ሹፌሩ እየሮጠ ደረሰባት።

«አዝነህልኝ ነው?»

«ወድጄሽ ነው።»

ይህን ቃል ስትጠብቀው ከርማ ነበር። አሁን ግን እንደ ምጽዋት ተሰማት።

«እንግዲያው ውደደኝ እንጂ አትክፈልልኝ። አብራኝ የምትሠራው ፀጉር አጣቢዋም ኳስ ትወዳለች። ለእሷስ ማን ይክፈልላት? እሷንም ልትወዳት ነው?»

ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። እሷም እንባዋ እንዳይታይባት ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ ሕይወቷ ከቤት ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤት ቤት ሆነ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ግን ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀጥ ይላል።

ብዙ ሳምንታት አልፈው፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ብቅ አለ። ከስቷል። ደንበኞቹ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ያዩታል።

«ያልሽውን ለክለቡ ስብሰባ አቀረብኩት» አላት። «የቻለ በቻለው ይክፈል፣ ምንም የሌለው አዳራሹን ይጥረግ አልኩ። አጎቴ ‹ይሄ ክለብ ነው ወይስ መናፈሻ?› አሉኝ።»

«የደገፈህ ሰው የለም?»

«አንድ ሰው እጁን አወጣ። እሱም ተሳስቶ መሰለኝ።»

ሳትፈልግ ሳቀች።

«ከዚያስ?»

«ክለቡን ለቅቄ ወጣሁ። የአውቶቡስ ጋራዡ ኃላፊ ከጀርባ ያለውን አስፋልት ፈቀደልን። አሮጌ መረብ አግኝቼ ጠግኛለሁ። እሁድ ጠዋት ነው፤ ለማንም ክፍት ነው።»

«ደክሞኛል» አለችው። እውነቷን ነበር።

«እኔም ደክሞኛል።»

ድምፁ ውስጥ ልመናም ኩራትም አልነበረም። ለዚህ ነው ያመነችው።

እሁድ ፀጉር አጣቢዋን ይዛ ሄደች። አንዲት አትክልት ሻጭ፣ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች፣ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ መጥተዋል። መጫወት የሚችል የለም ማለት ይቻላል፤ ኳሱ አንዴ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ አንዴ ጭቃ ውስጥ ነው። አስፋልቱ ጉልበት ይልጣል። ዝናብ ከጣለ ጨዋታ የለም። አንዳንዱ እሁድ ቡድን የሚሞላ ሰው ይጠፋል፤ አንዳንዱ እሁድ ደግሞ ተራ የሚጠብቀው ከሚጫወተው ይበልጣል።

አጎቱ አንድም ቀን አልመጡም። ሹፌሩ አሁንም አሁንም ወደ ጋራዡ በር ሲያይ ታየዋለች፤ አታነሳበትም።

አንድ እሁድ ሁሉም ከሄዱ በኋላ በተጣለ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ከባድ ከሆነ ነገ ጠይቀኝ።»

«ከባድ ነው። እንዲህ ደክሞን አንድ ቤት ብንገባስ?»

እጁን ያዘች። ከዚያ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«ምግቡን ማን ይሠራል?»

«ያልደከመው።»

«በረሃብ ማለቃችን ነዋ!» አለች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።