ጓዳ ውስጥ የነበረው አጥቂ

ወንድሜ ዊልበር ጎል አገባ። በአንድ እግሩ። ከሰሜን አሜሪካ በመጡት በነዚያ ረዣዥም ሰዎች ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ። በቃ መጀመሪያ መናገር ያለብኝ ይሄንን ነው፣ ካልተናገርኩት ልፈነዳ ነው። ኳሷ መጣችለት፣ በሁለቱ ክራንቾቹ አየር ላይ ተንጠለጠለና ለጋት፣ በረኛው ዞር እስኪል መረብ ውስጥ ነበረች። ድምፄ እስካሁን አልተመለሰም።

እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ የጎል ወሬ ብቻ አይደለም።

ዊልበር ከዚያ በፊት ሰሜን፣ አሜሪካ ነበር። ማለቴ፣ ሰፈሩ የሚያውቀው እንደዚያ ነበር። እውነቱ ግን ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ቡና ለቀማ ሄዶ ፈንጂ ረገጠ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ከሆስፒታል በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ስር ተኝቶ መጣ። ጓዳ ገባ፣ አለቀ። መስኮቱ ላይ ካርቶን ተለጠፈ።

እማዬ ክፉ እንዳትመስላችሁ። እዚህ ሳን ሳልቫዶር ጦርነት ነው። አንድ እግር የሌለው ወጣት ሲያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "ያምሃል ወይ?" ብለው አይደለም፣ "ከየትኛው ወገን ነህ?" ብለው ነው። "ወታደሮቹ ካዩት የጫካ ሰው ነው ይሉታል፣ የጫካዎቹ ካዩት ወታደር ነበር ይሉታል" ትላለች እማዬ። "ቡና ሲለቅም ነው ብል ማን ያምነኛል?"

ቀን ላይ የጓዳው ቆርቆሮ እንደ ምድጃ ይግላል። ሳል ሲመጣበት ትራሱን ይነክሳል። ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ "ይሄ የኦቪዲዮ ምት ነው፣ አሁንም በጣቱ ነው የሚመታው፣ ይሄ ልጅ አይማርም" ይለኛል በሹክሹክታ። እስቅና ወዲያው አፌን እይዛለሁ፣ ሳቅም ክልክል ነበራ። ጓደኛ ቤት መጥራት የለም፣ በር ሲንኳኳ ሁላችንም ትንፋሽ መዋጥ ነው። እስረኛው እሱ ብቻ አልነበረም።

ጎረቤታችን ኒኛ ቶያ ደግሞ እሁድ በመጣ ቁጥር ከቤተክርስቲያን መልስ፣ "ልጅሽ ደብዳቤ ጻፈ?" ትላለች።

"ጻፈ ኒኛ ቶያ፣ ብርዱ በዝቶበታል" ትላለች እማዬ። ዊልበር ከግድግዳው ማዶ በላብ ተጠምቆ ይሰማል።

አንድ ቀን በቆሎ ላስፈጭ ስሄድ ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ምን አየሁ? ባለ አንድ እግር ሰዎች በክራንች ኳስ ይጫወታሉ። ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይነሳሉ። አሰልጣኙ ዶን አቤላርዶም ባለ አንድ እግር ነው፤ "ክራንችህ ኳስ ከነካ እንደ እጅ ነው የሚቆጠረው፣ ስንቴ ልንገርህ፣ አንተ በቅሎ" እያለ ይጮሃል። እኔ ሳላስበው አፌ በራሱ፣ "ወንድሜም ባለ አንድ እግር ነው፣ ሁላችሁንም ይበልጣል" አለ።

በማግስቱ ዶን አቤላርዶ በራችን ላይ ቆሟል። እማዬ በሩን በሰውነቷ ከልላ፣ "ተሳስተዋል ጌታዬ፣ ልጄ ሰሜን ነው" አለች።

"ጥሩ፣ እኛም የምንጋጠመው ከሰሜን ሰዎች ጋር ነው" አለ። "በየአገሩ እንደኛ ያሉት ቡድን እየሠሩ ነው። አሁን እነሱ ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ለውድድር እኛ እንሄዳለን።"

እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጆችዎ ከየትኛው ወገን ናቸው?"

"ከሁለቱም አሉ እመቤቴ። ግራ የሌላቸውና ቀኝ የሌላቸው። አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ስለሚካፈሉ መጣላት አያዋጣቸውም።"

እማዬ አልሳቀችም። "ልጄ እዚህ ቢኖር እንኳን ለሰው መሳቂያ አልሰጠውም።"

"ይስቃሉ፣ አልዋሽዎትም። ትንሽ ቆይተው ግን ኳሱን ማየት ይጀምራሉ። የሞተ ሰው እንኳን በሙታን ቀን አበባ ይመጣለታል። ለተደበቀ ሰው ማን ይመጣል?"

"ነገርኩዎት እኮ፣ ልጄ ሰሜን..."

"እማዬ" አለ ዊልበር ከጓዳ። በሹክሹክታ አይደለም፣ በድምፁ። ያን ድምፅ ረስቼው ነበር። "እዚሁ ነኝ። ወይ ልውጣ፣ ወይ ከምርሽ ሰሜን ላኪኝ።"

እማዬ በሩን እንደያዘች ቀረች። አልከፈተችውም፣ አልዘጋችውምም። ዊልበር ባጠገቧ አለፈ።

የጨዋታው ቀን እማዬ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ከሰው ኋላ ቆመች። ሰው እውነትም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ፣ "አቀብል እንጂ፣ አንተ ስግብግብ" ብሎ ዊልበርን ሰደበው። ስድብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደማንኛውም ተጫዋች ነዋ የሰደበው። ከዚያ ጎሉ መጣ።

ኒኛ ቶያ እማዬ ጎን ነበረች። "ይሄ ልጅ ቁርጥ ያንቺን ዊልበር አይመስልም?"

እማዬ ሻሿን ከግንባሯ ገፋችው። "የኔ ነው። ሰሜን የሚባል ቦታ ረግጦ አያውቅም።"

ኒኛ ቶያ ጨዋታው ሳያልቅ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ግን ቤታችን መጥታ ወንበር ላይ ዘፍ አለችና ማልቀስ ጀመረች። "በየእሁዱ ስለ ደብዳቤ የምጠይቅሽ ስለኔ ልጅ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው" አለች። ለካ አክስቱ ጋር ሳንታ አና ሄዷል የተባለው ልጇ ኔፍታሊ እሷው ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። ግራ እጁ ተቆርጧል።

"አውጪው" አለቻት እማዬ። "እኔ ከአደጋ ላድነው ብዬ ደብቄ፣ አደጋው ራሴ ሆንኩበት። እግሩን ፈንጂ ወሰደው፣ የቀረውን እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

"ያንቺ ዕድለኛ ሆነ። የኔን መጥተው ቢወስዱትስ?" አለች ኒኛ ቶያ። ለማንም እንዳንናገር አስማለችን፣ ማልን።

እና ዛሬ ዶን አቤላርዶ አገኘኝ። በዚህ ጨዋታ በረኛ የሚሆነው አንድ እጅ ያለው ሰው ነው። የኛ በረኛ ወገቡን ተጎድቷል፣ ሌላ ካልተገኘ ቡድኑ ለውድድር አይሄድም፣ ዊልበርም አይሄድም። "ያኒራ፣ ያ አፍሽ ጥሩ ነው" አለኝ። "አንድ እጅ ያለው ሰው አታውቂም?"

"ነገ እነግርዎታለሁ" ብዬ ሮጥኩ። ጦርነቱ አላለቀም፣ የኒኛ ቶያ ፍርሃት ውሸት አይደለም፣ እኔም ምያለሁ። ኔፍታሊ ግን አሁን ይሄን ስጽፍ እንኳን ከግድግዳው ማዶ ትራሱን ነክሶ ይሆናል። ነገ ዶን አቤላርዶ መልስ ይጠብቃል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ?